«ፎከስ»፤ ከምድጃው እስከ መነጽሩ

በተማሪዎች ኅብረት የንግግርና የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የመረጥነው አርዕስት አንድ ቃል ብቻ ነው። ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል ሰው ሰብስቦ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ይህ ቃል በግቢያችን ውስጥ ሳይነሣ የሚውልበት ቀን የለም። መምህራን በጽሑፋችን ዳር በቀይ ቀለም ይጽፉታል፤ ወላጆቻችን ምክር ሲልኩልን በምክራቸው መካከል ያስገቡታል፤ እኛም ስንመካከር እንደ ምክር፣ ስንወቃቀስ እንደ ድንጋይ እንወራወረዋለን። ቃሉ «ፎከስ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ፎከስ አድርግ» እንባላለን፤ «ፎከስ የለህም» እንባላለን፤ «ከእንግዲህ ፎከስ አደርጋለሁ» ብለንም ቃል እንገባለን። ምን ለማድረግ ቃል እንደገባን ግን ጠይቀን አናውቅም።

ይህን እንድንጠይቅ ያስገደደንን ነገር አስቀድመን ብንናገር ይሻላል። ባለፈው መንፈቅ ዓመት ሦስት ሆነን ስለ ቀድሞው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር አንድ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ደስ ብሎን ተነሣን፤ ከቤተ መጻሕፍትም ያገኘነውን ሁሉ ለቀምን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ መስጠታቸውን፣ ሥራው ከጅቡቲ በ1897 መዠመሩን፣ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ የመንገዱም ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ጻፍን። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እግረ መንገዳችንን እናስታውቃለን። ስለ ገንዘቡም፣ ስለ ፈረንሳዮችና ስለ እንግሊዞች ፉክክርም፣ ስለ ጣቢያዎቹም ሳንጽፍ አልቀረንም። ጽሑፋችን 28 ገጽ ሆነ። ተመልሶ ሲሰጠን በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ቃላት ብቻ ተጽፈውበት ነበር፤ «ፎከስ የለውም»።

እኛ ይህን የተረዳነው «አልደከማችሁም፤ ነገሩን ትኩር ብላችሁ አልተመለከታችሁም» ማለት ነው ብለን ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተን እንደ ገና ሠራነው። ያላነበብነውን አነበብን፤ የጎደለውን ቀን ሞላን፤ 28ቱ ገጽ 35 ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ የተጻፈልን አስተያየት ከፊተኛው የሚለየው አንድ ቃል ስለ ተጨመረበት ብቻ ነው፤ «አሁንም ፎከስ የለውም»።

በዚያን ማታ ከመካከላችን አንዱ ተቈጥቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደና ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገለጠ። የዛሬው ንግግራችን የተወለደው ከዚያ ቍጣ ነው።

«ፎከስ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ነው። በላቲን «ፎኩስ» ማለት ምድጃ ማለት ነው። አዎን፤ ድስት የሚጣድበት፣ አመድ የሚጠረግበት ምድጃ። በሮማውያን ቤት ውስጥ ምድጃው የቤቱ ልብ ነበረ። ቤተ ሰቡ በዙሪያው ይሰበሰባል፤ ምግቡ በእርሱ ላይ ይበስላል፤ ላሬስና ጴናቴስ ለሚባሉት የቤት አማልክት ቍርባን የሚቀርበውም በምድጃው ዘንድ ነበር። ሮማውያን አንድ ሰው ለአገሩና ለቤቱ ተዋጋ ለማለት ሲፈልጉ መሠዊያንና ምድጃን አጣምረው ይጠሩ ነበር። ይህ አነጋገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። አንድ ጐልማሳ ትዳር ሲይዝ «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» እንላለን እንጂ አልጋ ገዛ ወይም በር ገጠመ አንልም። ቤት የሚባለው እሳት ያለበት፣ በእሳቱም ዙሪያ ሰው ያለበት መሆኑን የእኛም አባቶች፣ የላቲኖቹም አባቶች ተገንዝበውት ነበር ማለት ነው።

ቃሉ በዚያው በምድጃነቱ አልቀረም። በጥንቱ ላቲን እሳት ራሱ «ኢግኒስ» ይባል ነበር። በኋላ ዘመን ግን የሕዝቡ አነጋገር የምድጃውን ስም ለእሳቱ ሰጠው። እሳት ዛሬ በጣሊያንኛ ፉኦኮ፣ በስፓኝኛ ፉዌጎ፣ በፖርቱጋልኛ ፎጉ፣ በሮማንያ ቋንቋ ፎክ፣ በፈረንሳይኛ ፈ የሚባለው ሁሉም ከዚያ ከአንዱ ምድጃ የተጫረ ስለ ሆነ ነው። ከፈረንሳይኛ በኩል ደግሞ ሌሎች ዘመዶቹ ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። ማገዶና ነዳጅ የሚባልበት «ፊውል» አንዱ ነው። በቴያትር ቤት ተመልካች የሚያርፍበት አዳራሽ «ፎዬ» መባሉም ስሙ በፈረንሳይኛ ምድጃ ማለት ስለ ሆነ ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን «ከርፊው» የሚባለው ነው፤ እኛ ሰዓት እላፊ የምንለው። ትርጓሜው «እሳት ሸፍን» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ከተሞች ቤቶቹ በብዛት ከእንጨት የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ ሲመሽ ደወል ይደወልና እያንዳንዱ ባለ ቤት የምድጃውን እሳት እንዲያዳፍን ይታዘዝ ነበር። ዛሬ ትእዛዙ ሰውን ከቤቱ እንዳይወጣ የሚከለክል ነው፤ በጥንቱ ጊዜ የሚዳፈነው ግን እሳቱ ነበር።

እንግዲህ ምድጃው እንዴት አድርጎ ወደ መነጽርና ወደ ካሜራ፣ ከዚያም ወደ ጽሑፋችን ዳርቻ እንደ ደረሰ እንመልከት።

በልዩ ቅርጽ የተሠራ መስተዋት የፀሐይን ጨረር በአንድ ስፍራ ሰብስቦ እንደሚያቃጥል የጥንት ሊቃውንት ያውቁ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ ዲዮክሌስ የተባለው ግሪካዊ ፓራቦላ የሚባለው ቅርጽ ይህን ጠባይ እንዳለው በጂኦሜትሪ አስረድቷል። በዐሥራ አንደኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ ላይ የኖረው ዐረባዊው ሊቅ ኢብን አል ሀይሠምም ስለሚያቃጥሉ መስተዋቶች ጽፏል። ይሁን እንጂ ለዚያች ጨረር ለሚገናኝባት ነጥብ የምድጃን ስም ያወጣላት ጀርመናዊው የከዋክብት ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ነው። በ1604 በላቲን ባሳተመው የብርሃን ጥናት መጽሐፉ ውስጥ በኤሊፕስ፣ በፓራቦላና በሃይፐርቦላ የሚገኙትን ልዩ ነጥቦች «ፎኩስ» ብሎ ጠራቸው። ይህንንም ስም ያወጣው ስለ ብርሃን ሲል መሆኑን ራሱ ገልጿል። ጨረሩ የሚሰበሰብባት ስፍራ የምትቃጠል ስለ ሆነች፣ እሳት ያለበት ስፍራ ደግሞ ምድጃ ስለ ሆነ ነው ብለው ሊቃውንት ይተረጕሙታል። በኬፕለር አገር በጀርመንኛ ይህች ነጥብ እስከ ዛሬ ስሟ «የመቃጠያ ነጥብ» ማለት ነው። የአማርኛ የሥጋ ዘመድ በሆነው በዕብራይስጥም «ሞቄድ» ትባላለች፤ እርሱም «ነደደ» ማለት ከሆነ ግሥ የወጣ ሲሆን ምድጃ ማለትም ነው።

ኬፕለር ይህን ስም ካወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1609፣ ፕላኔት ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ ክብ ሳይሆን ኤሊፕስ መሆኑን፣ ፀሐይም የምትገኘው ከኤሊፕሱ ሁለት ፎኩሶች በአንዱ ላይ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። ስሙን ባወጣበት ጊዜ ይህን ሕግ ገና አላገኘውም ነበር። ባገኘው ጊዜ ግን ምድጃው ተዘጋጅቶ ቈይቶታል፤ እሳቱን በስፍራው አስቀመጠው።

ከእኛ መካከል ልጅ ሳለ በአጕሊ መነጽር ወረቀት ያላቃጠለ ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ያየነውን አሁን በአእምሮአችን እንመልሰው። መነጽሩን ወደ ወረቀቱ እጅግ ስናስጠጋው የሚታየው ሰፊና የደበዘዘ ብርሃን ነው። እጅግ ስናርቀውም እንዲሁ ነው። በመካከል ልክ የሆነው ርቀት ሲገኝ ግን ብርሃኑ እንደ መርፌ ጫፍ ይሆንና ወረቀቱ ይጨሳል። በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር እንመልከት። መነጽሩ ከራሱ አንዲት የሙቀት ጠብታ አልጨመረም፤ ቀድሞም በወረቀቱ ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ጨረር አሰባሰበ እንጂ። ደግሞም መነጽሩን የያዘው ልጅ ጥርሱን ቢነክስ፣ ግንባሩን ቢያኰማትር ወረቀቱ ቶሎ አይነድድም። የሚያነድደው ልኩን ማግኘት ነው።

ወደ ግሡ እንመለስ። ስሙ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ1650ዎቹ ነው፤ በመዠመሪያ ከተጠቀሙበትም አንዱ ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ ነው። የዚያን ጊዜ ትርጕሙ የጂኦሜትሪና የብርሃን ትርጕም ብቻ ነበር። ስሙ ግሥ ሆኖ የተጻፈው ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1775 ገደማ ነው፤ እርሱም ተሻጋሪ ግሥ ነበር። ጨረርን ወደ አንድ ነጥብ ማምጣት፣ መነጽርን ማስተካከል ማለት ነው። በ1807 ገደማ ስለ ሐሳብና ስለ ስሜትም ይነገር ዠመር፤ አሁንም ተሻጋሪ ሆኖ፣ የተበተነውን ወደ አንድ ማምጣት ማለት ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፎቶግራፍ ጥበብ ከተስፋፋ በኋላ ግን ግሡ ያለ ተሳቢ ይነገር ዠመረ። ከዚያ ወዲህ ሰው አንድን ነገር ፎከስ ማድረጉ ቀርቶ በአንድ ነገር «ላይ» ፎከስ ያደርጋል ተባለ።

ይህ ለውጥ የሰዋስው ብቻ እንዳይመስላችሁ እንለምናለን። የፊተኛው አነጋገር «የምትሰበስበው ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የኋለኛው የሚጠይቀው «የምታየው ወዴት ነው?» ብሎ ብቻ ነው። በፊተኛው ብዙ ነገር አለ፤ ብዙውም ይገናኛል። በኋለኛው ያለው አንድ ዓይንና አንድ ዒላማ ነው፤ የቀረው ይጣላል። ፊተኛው ለምድጃው የቀረበ ነው፤ ኋለኛው ለጠመንጃ አፈ ሙዝ የቀረበ ነው። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ቃል ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ተናጋሪው አንዱን ሲል አድማጩ ሌላውን ይሰማል።

የእኛም ችግር ይኸው ነበር። መምህራችን «ጽሑፋችሁ ምድጃ የለውም፤ ነገሮቻችሁ የሚገናኙበት ስፍራ የላቸውም» ሲሉን፣ እኛ «ዓይናችሁን አልተከላችሁም» ያሉን መስሎን ዓይናችንን ደም እስኪለብስ ተከልን። መነጽሩን በትክክለኛው ርቀት መያዝ ሲገባን ተጨማሪ ጨረር ልናመጣ ሮጥን። ነገሩ በገባን ጊዜ 35ቱን ገጽ አስቀመጥንና አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣን፤ ሐዲዱ ጥንታዊቱን የንግድ ከተማ ሐረርን ትቶ ስለ ምን በቆላው አለፈ? ከዚህ በኋላ የለቀምናቸው ነገሮች እየተጠራሩ መጡ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለምን አስቸጋሪ እንደ ነበር፣ ያን አቀበት መውጣት ስንት ገንዘብ ይጠይቅ እንደ ነበር፣ የኩባንያው ገንዘብ እንዴት እንዳጠረ፣ በተራራው ግርጌ በመዠመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ እንዴት እንደ ተቈረቈረች፣ የሲራራው ንግድ እንዴት ወደ እርሷ እንደ ወረደ፣ ሁሉም በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀመጡ። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የጣቢያዎቹ ዝርዝር፣ የሚቀመጡበት አጥተው ወጡ፤ አላዘንንላቸውም። ጽሑፉ 14 ገጽ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ያ አስተያየት አልተጻፈበትም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመልከት። «ፎከስ»ን በአማርኛ ስንመልሰው ብዙ ጊዜ «ትኩረት» ወይም «ማተኮር» እንላለን። «አተኮረ» መልካም የአማርኛ ግሥ ነው፤ ነገር ግን የዓይን ግሥ ነው። «ትኩር ብሎ አየው» ስንል ሳይነቀንቅ ተመለከተው ማለታችን ነው። ስለዚህ «አተኮረ» የእንግሊዝኛውን ቃል አንዱን ወገን፣ የኋለኛውን ብቻ ይይዛል። ከጓደኞቻችን አንዱ ደግሞ «አተኮረ»ን ከ«ተኮሰ» ጋር አዛምዶ፣ «ትኩስ፣ ትኩሳት፣ ተኩስ ከሚሉት እሳታም ቃላት ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ የእኛም ቃል ከምድጃ ወጥቷል» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ክርክሩ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ እውነት ግን አይደለም። የአንዱ ግሥ መድረሻ ፊደል «ረ»፣ የሌላው «ሰ» ነው፤ በድምፅ መቀራረብ ብቻ ዘመድ ማድረግ ባለ ሙያ ያልሆነ ሰው በቃላት ጥናት ውስጥ ከሚወድቅባቸው ጉድጓዶች ዋነኛው ነው።

ታዲያ የመሰብሰቡ ወገን በአማርኛ ስም የለውምን? አለው እንጂ። እናቶቻችን «ልብህን ሰብስብ»፣ «ቀልብህን ሰብስብ» ሲሉን ኖረዋል። ቀልብ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያም ልብ ማለት ነው። ይህን ምክር ያልሰማን ማን አለ? ትርጓሜው ግን ከጥንቱ የ1775 ግሥ ጋር አንድ ነው፤ ተበትኗልና ወደ አንድ አምጣው ማለት ነው። እንግሊዞችም ለዚህ ጕዳይ ሌሎች ቃላት አሏቸው። «አቴንድ» የሚሉት ከላቲን የመጣ ሲሆን ወደ አንድ ነገር መዘርጋት ማለት ነበር። «ኮንሰንትሬት» የሚሉት ወደ አንድ ማእከል ማምጣት ማለት ነው፤ ማእከል የሚሉበት ቃል ደግሞ በግሪክ ሹል ጫፍ፣ የኮምፓስ የሚተከለው እግር ማለት ነበር። አንዱ ክንድ ይዘረጋል፤ አንዱ ሹል ይተክላል፤ አንዱ እሳት ያነድዳል፤ የእኛው ልብን ይሰበስባል። መምህር «ፎከስ» ሲለን እንግዲህ በአክብሮት ልንጠይቅ የሚገባን ይህ ነው፤ «እናተኩር ነው ወይስ እንሰብስብ?»

በሰዋስውም ውስጥ «ፎከስ» የሚባል ነገር አለ፤ በዚህ አማርኛችን እጅግ የበለጸገ ነው። «ካሳ መጣ» ብንል ወሬ ነገርን። «የመጣው ካሳ ነው» ብንል ግን አንድ ሰው መምጣቱ አስቀድሞ ታውቋል፤ የንግግሩ እሳት በካሳ ላይ ነደደ። አንድም አዲስ ሰው፣ አንድም አዲስ ድርጊት ሳንጨምር ዓረፍተ ነገሩን አዙረን ምድጃውን አሳየን። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ይህን በቀን መቶ ጊዜ ያደርገዋል። ይህን ጥበብ በአፋችን እያለን በጽሑፋችን ማጣታችን ያሳዝናል።

የምድርን ጠባይ የሚያጠኑ ሊቃውንትም ቃሉን ይጠቀሙበታል። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚነሣበት ጊዜ ዐለቱ የሚሰበርበት ከምድር በታች ያለው ስፍራ ፎከስ ይባላል፤ ከእርሱ በላይ በምድር ገጽ ላይ ያለው ነጥብ ሌላ ስም አለው፤ «ኤፒሴንተር» ይባላል። በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በዓመቱ መዠመሪያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ፣ መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነበር። የተሰነጠቀው መንገድና ቤት በላይ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን በታች ነው። ለጽሑፍም ሆነ ለክርክር ይህ መልካም ምሳሌ ነው። የሚጮኸው ስፍራ ሁልጊዜ ምድጃው አይደለም።

ክቡራን መምህሮቻችን፤ ውድ ጓደኞቻችን፤

እስከ አሁን የቃሉን በጎነት ተናገርን። አሁን ደግሞ ዋጋውን እንናገር። በካሜራ የቅርቡን ፊት አጥርተን ስናነሣ፣ በስተኋላ ያለው ተራራ ይደበዝዛል። ተራራው አልጠፋም፤ እኛ ግን እንዲደበዝዝ ፈቅደናል። ስለዚህ ፎከስ ማድረግ ማለት አንድን ነገር አጥርቶ ማየት ብቻ አይደለም፤ ሌላው እንዲደበዝዝ መፍቀድ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? የካሜራውን ቀለበት የሚያዞረው የማን እጅ ነው?

ይህን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዕለታት አንድ ቀን ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ቤተ መጻሕፍቱ ማታ ቶሎ እንዳይዘጋብን አቤቱታ ይዘን ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። የተሰጠን መልስ «እናንተ ትምህርታችሁ ላይ ብቻ ፎከስ አድርጉ» የሚል ነበር። የሄድነው የምናጠናበት ሰዓት እንዲጨመርልን ነበር፤ የተመለስነው እንድናጠና ተመክረን ነው። በዚህ ስፍራ ቃሉ የሚሰበስብ መሆኑ ቀርቶ የሚዘጋ ሆነ። «እሳት ሸፍን» ከሚለው ዘመዱ ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

ነገር ግን ሌላውን ብቻ ብንወቅስ ግብዞች እንሆናለን። በዚሁ በኅብረታችን ስብሰባ ላይ አንዲት እኅታችን ከሴቶች መኝታ ቤት እስከ ቤተ መጻሕፍት ያለው መንገድ ማታ መብራት እንደሌለው ስትናገር፣ «እኅት፣ ከአርዕስቱ አትውጪ፤ ፎከስ እናድርግ» ብለን ያስቀመጥናት እኛው ነን። የዚያን ቀን አርዕስት ያው የቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓት ነበር። እርሷ ከአርዕስቱ አልወጣችም ነበር። በጨለማ የማይኬድበት ቤተ መጻሕፍት እስከ እኩለ ሌሊት ቢከፈት ለማን ነው? ለምድጃው ማገዶ ይዛ መጣች፤ እኛ ከደጅ መለስናት። ይህን ስሕተታችንን በዚህ ጕባኤ ፊት ስንናገር እናፍራለን፤ መናገሩ ግን ከዝምታው ይሻላል።

በሌላው ወገን ደግሞ የአገር ጕዳይና የጓደኛ ጕዳይ እያሉ መጽሐፋቸውን ሳይገልጡ መንፈቅ ዓመቱን የሚጨርሱ በመካከላችን አሉ። ለእነርሱ «ልባችሁን ሰብስቡ» የሚለው ምክር የሚገባ ነው። ሁሉን ለማሞቅ የሚበተን እሳት አንዲት ጀበና አያፈላም።

ስለዚህ ወደ ኬፕለር ኤሊፕስ ብንመለስ አንድ ምሳሌ እናገኛለን። ምሳሌ መሆኑን አትርሱ፤ ማስረጃ አይደለም። ኤሊፕስ ለመሣል ሁለት ችንካር ይተከላል፤ ልል የሆነ ገመድ በሁለቱ ላይ ይታሰራል፤ እርሳሱ ገመዱን ወጥሮ ይዞራል። ሁለቱ ችንካሮች ሁለቱ ፎኩሶች ናቸው። ፀሐይ በአንዱ ላይ ናት፤ በሁለተኛው ላይ አንዳች የሚታይ ነገር የለም። ሆኖም ሁለተኛውን ችንካር የነቀለ ሰው ያንኑ መንገድ ሊሥለው አይችልም። የተማሪ ፀሐይ ትምህርቱ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን በሁለተኛው ስፍራ የቆመ የማይታይ ችንካር አለ፤ እርሱም ያስተማረን ሕዝብ፣ የላከን ቤት፣ ከጎናችን የተቀመጠችው እኅታችን ናት። ይህን ነቅሎ የሚማር ሰው ይዞራል፤ መንገዱ ግን ያ መንገድ አይደለም።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። እኛም «ትኩረት» የሚለውን ጉልቻ አንሥተን «ፎከስ» በሚለው ስለ ተካነው፣ ወይም «ፎከስ»ን ነቅለን «ትኩረት»ን ስለ መለስነው፣ ወጡ በዚህ አይጣፍጥም። ወጡ የሚጣፍጠው ከሥሩ እሳት ሲኖር፣ በዙሪያውም የሚሰበሰብ ሲኖር ነው። ከእንግዲህ አንድ ሰው «ፎከስ አድርጉ» ሲለን ሦስት ነገር እንጠይቅ። የምንሰበስበው ምንድር ነው? የምንሰበስበው በምን ዙሪያ ነው? እንዲደበዝዝ የፈቀድነውስ ማንን ነው? ለሦስቱ መልስ ያለው ሰው በእውነት ፎከስ አድርጓል።

የመንገዱ መብራት ጕዳይ በሚመጣው የኅብረቱ ስብሰባ የመዠመሪያው አርዕስት እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቀናል። አቅራቢዋ ያች እኅታችን እንድትሆንም ለምነናታል፤ እሺ ብላናለች። እንድትገኙ በአክብሮት እንጋብዛለን።